ሃያ ሁለተኛው ጆንያ

መርካቶ ተወልጄ፣ መርካቶ አድጌ፣ እስከ ሃያ ሰባት ዓመቴ ድረስ አንድም ቀን «አጭበርባሪ» ተብዬ አላውቅም ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዋን የቀመስኳት ታዲያ ገበያ መሃል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ በትህትና፣ «ተቀመጪ ሰናይት» ከተባልኩ በኋላ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። እናቴ እህል በረንዳ በቆሎ በጅምላ ትሸጣለች፤ ቤታችን አማኑኤል ነው። እኔ ደግሞ በተግባራዊ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ጫፍ ላይ ደርሼ ነበር። አፌ ይፈጥናል፣ ቁጣዬ ደግሞ ከአፌ ይቀድማል። የገበያው ሰው እናቴን «ልጅሽ ምን እየተማረች ነው?» ይላታል። «ሒሳብ» ትላለች። «ሒሳብ? እሱማ እዚሁ አለ አይደል እንዴ!» ይሏትና ይስቃሉ። እሷ ግን ኩራቷ ሌላ ነው፤ «ይሄኛው ያለ ብር ነው» ትላቸዋለች።

የመመረቂያ ጥናቴ ከዚያው ከእህል በረንዳ የወጣ ነበር። አንድ መኪና በቆሎ ሲራገፍ ነጋዴው ውስጡ ክፍት በሆነ ሹል ብረት ጥቂት ጆንያ ይወጋል፤ ብረቱ ይዞት የወጣውን ፍሬ ያይና «ደረቅ ነው» ወይም «እርጥብ ነው» ብሎ በሙሉው ጭነት ላይ ይፈርዳል። እርጥብ በቆሎ ካመለጠው ይሻግትና ጎረቤቱን ሁሉ ያበላሻል። እና የኔ ጥያቄ፣ ስለ መላው ጭነት በልበ ሙሉነት ለመናገር ስንት ጆንያ መውጋት ይበቃል የሚል ነበር። ጆንያዎቹን መምረጥ ያለበት ሰው ሳይሆን ዕጣ ነው። በኮምፒውተር ቁጥር አወጣለሁ፣ የወጣላቸውን ጆንያዎች እወጋለሁ፣ እርጥበታቸውን በመለኪያ እለካለሁ። ዘጠኝ መኪና እንዲህ ለካሁ። ስንት ወር ሙሉ አቧራ ቃምኩበት።

ሐሙስ ጠዋት አማካሪዬ ዶክተር መላኩ ሰንጠረዤን ወደ እኔ አዞሩና በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄ ከየት የመጣ ነው?»

«ከእህል በረንዳ ነዋ፣ ዶክተር።»

«ሰናይት፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዘጠኝ መኪና በቆሎ ከተለያየ አገር፣ በተለያየ ወር መጥቶ፣ ጆንያው ሁሉ እንደ መንታ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። የገበያ ቁጥር ይበታተናል። እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር የሚገኘው ቤት ቁጭ ብለው ሲጽፉት ነው።»

«አጭበርብረሻል ነው የሚሉኝ?»

«ምንም አላልኩም። ዲፌንስሽ ረቡዕ ነው። እስከ ሰኞ ካላስረዳሽኝ ግን ለዲፓርትመንቱ አሳውቃለሁ። ያኔ የውጤት ጉዳይ አይደለም፤ መባረር ነው።»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ እንባዬ አልቆም ሲለኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «አይዞሽ ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። ዳታዬ ልላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። አብነት ሰፈር ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ስደርስ እልህ ያዘኝ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ከጓዳ በቆሎ ዘገንኩ፣ ግማሹን ውኃ ነካ አደረግኩትና ለካሁት። መለኪያው እርጥቡን እርጥብ፣ ደረቁን ደረቅ አለ። እሱ ጤነኛ ነው። እኔም አልዋሸሁም። ታዲያ የቀረው ጆንያው ነው። ከኔ በፊት ጆንያውን ማን ይነካዋል?

ጋሼ ከድር።

ጋሼ ከድር የእናቴ መደብር ያለበት ረድፍ የጫኝና አውራጅ አለቃ ናቸው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጆንያ ላይ አስቀምጠው ያስጠኑኝ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከጆንያ ቁጥር በቀር ፊደል ሳይቆጥሩ የማባዛት ሰንጠረዥ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ይሉኛል። ስመልስ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቁም፤ ፊቴን አይተው ነው የሚያርሙኝ። ለጥናቴም ቀኝ እጄ እሳቸው ነበሩ። መኪና ሲራገፍ ጆንያው ሁሉ ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፋል። ክምር ንዶ የተመረጠውን ማውጣት ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፣ ዕጣ የወጣላቸውን ቁጥሮች ማለዳ ለእናቴ በስልክ እልካለሁ። ከክፍል ስመለስ ጆንያዎቹ መደብሩ በር ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ብልህ ነኝ ብዬ ነበርኮ!

ማታውን አንድ መኪና ተራግፎ ነበርና ዓርብ ማለዳ እንደ ልማዴ ቁጥር ላክሁ። ወደ ክፍል ግን አልሄድኩም። ከመደብራችን ፊት ለፊት ባዶ ጆንያ የሚሸጡበት ቤት አለ፤ እዚያ ክምር ጀርባ ቆሜ እንደ ሰላይ አሾልቃለሁ። እናቴ ከወረቀት ላይ «ሠላሳ ሰባት!» ብላ አነበበች። ጫኞቹ ሠላሳ ሰባትን አወጡት። ጋሼ ከድር ቀረብ አሉና በመዳፋቸው ሆዱን መታ አደረጉት። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በእጅጌያቸው ቁጥሩን ጠረጉት፣ ሌላ ጆንያ መታ አደረጉ፣ ፈገግ አሉ፣ ጠመኔያቸውን አወጡና በደማቁ «37» ብለው ጻፉበት።

ከክምሩ ጀርባ እንዴት እንደተወረወርኩ!

«ጋሼ ከድር! ምን እያደረጉ ነው?»

ይደነግጣሉ ስል ጭራሽ ደስ አላቸው። «ኧረ ዛሬ በጠዋት! ቆይ ልጄ፣ ገና አልጨረስንልሽም።»

«ይሄ ሠላሳ ሰባት አይደለምኮ!»

«አሁን ነዋ የሆነው።»

«ዘጠኙንም መኪና እንዲህ ነው ያደረጉት?»

«አሳምሬ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አንድም እርጥብ አላሳለፍኩብሽም፣ ወላሂ። አንቺ ቁጥሩን ፈለግሽ፣ ቁጥሩን ሰጠንሽ። የእኛን እህል ይዘሽ እዚያ ትልልቅ ሰዎች ፊት ልትቆሚ አይደል? ሰርግ የተጠራች ሴት የተቀደደ ትለብሳለች?»

ወደ እናቴ ዞርኩ። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ እየከተተች ነው። «እኔ ነኝ ያልኳቸው» አለች። «እንግዳ ሲመጣ የሚያምረው ይቀርባል እንጂ ጓዳው ይታያል እንዴ? ደግሞስ የማን ስም ነው የሚነሳው? የኔ መደብር አይደለም?»

እዚያው ጆንያ ላይ ተዘርፍጬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ረድፉ ሁሉ ሥራ ፈቶ ከበበኝ። «ልታስባርሩኝ ነው!» አልኳቸው። «ቁጥሩ በጣም አማረ! ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ፈጥረሽ ጻፍሽው ነው የሚሉኝ! ከደረቁም ከእርጥቡም እንዲደርሰኝ ነበርኮ ዕጣ የማወጣው!»

ያኔ ነው የገባቸው። ጋሼ ከድር ጠመኔያቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ትልቅ ሰው ሲደነግጥ ማየት ያሳዝናል። «እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ።» እናቴ ደግሞ «በአማኑኤል! ምን አደረግኩ!» እያለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ተናድጄባቸዋለሁ፤ ግን እንዴት ብዬ ልጥላቸው? ከነፍሳቸው አብልጠው ስለወደዱኝ ነው የገደሉኝ።

አፍንጫዬን እየጠረግኩ ሳለሁ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ።

«ጋሼ ከድር፣ ደረቁን በምን አወቁት?»

«በምን ማለት?»

«መለኪያው እኔ ጋ ነው። አልወጉት፣ አልከፈቱት። ዘጠኝ መኪና ሙሉ አንድ እርጥብ አላሳለፉም። በምን?»

ግራ ገባቸው። አሳ በምን ትዋኛለህ ቢባል እንደዚያ ነው የሚያየው። መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት፣ ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ጆንያ መታ አደረጉት። «ደረቅ ይስቃል» አሉ። «እርጥብ ደግሞ ያኮርፋል። በቃ።»

ዶክተር መላኩ «ቤት ተቀምጠሽ ካልፈጠርሽው በቀር አይገኝም» ያሉት ቁጥር፣ ለካ ከአንድ ሰው መዳፍ የወጣ ነው! ይህ ሰው ሳይሳሳት ካልመረጠ ሰንጠረዤ እንዲያ ሊያምር አይችልም። ስህተቴ ራሱ መረጃ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ለዶክተር ደወልኩላቸውና የሆነውን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ሰናይት፣ ይሄ ሰበብ ነው ወይስ ግኝት?» አሉ።

«ነገ አዲስ መኪና ይገባል። መጥተው ይዩ።»

«ሦስት ሰዓት እመጣለሁ። ዕጣውን የማወጣው እኔ፣ መለኪያውን የምይዘውም እኔ ነኝ። ሰውየው ቁጥር አያዩም።»

«ይሁን።»

ያን ቀን ጋሼ ከድር ከጁምዓ ሲመለሱ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አየኋቸው። «ምን ሆኑ?» ስላቸው፣ «እንዳይበርደው ነው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ዶክተር መላኩ ጫማቸውን አሳምረው፣ ላፕቶፕ አንግበው መጡ። ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው። እዚያው በዓይናችን ፊት ዕጣ አወጡ፣ አርባ ጆንያ። ጫኞቹ አወጡና ደረደሯቸው። ጋሼ ከድር እየዞሩ መታ እያደረጉ ለኔ በጆሮዬ ብቻ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዶክተር ከኋላችን እየተከተሉ ይወጋሉ፣ ይለካሉ፣ የራሳቸው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። መነጋገር የለም። ረድፉ በሙሉ ሥራውን ትቶ ቆሟል። አንዱ ጫኝ «ጋሼ፣ ጥናት ነው፣ ቀስ ብለው ይምቱት!» ሲል እናቴ «ዝም በል አንተ!» ብላ አፈጠጠችበት።

ሲያበቃ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገን አንድ በአንድ አነበብን። አንድ፣ ልክ። ሁለት፣ ልክ። አሥር፣ ልክ። ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ።

«ሃያ ሁለት» አሉ ዶክተር። «መለኪያው ደረቅ ይላል።»

ወረቀቴን አየሁ። «እርጥብ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሌላው ሁሉ እስከ አርባ ድረስ ገጠመ። ይህች አንዷ ብቻ። ዶክተር ፈገግ አሉ፣ ከልባቸው ነው። «ከአርባው አንዱን ብቻ መሳት የሚያስከብር ነው፣ አቶ ከድር። ማንም ሰው ይሳሳታል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ እገባ ነበር። ጋሼ ከድር ግን መች ወደዱ!

«አልሳትኩም።»

«ጋሼ፣ ግዴለም…» አልኩ ክንዳቸውን ይዤ። አሸንፈን ሳለን ይብቃን ማለቴ ነበር።

«ልቀቂኝ ልጄ። ዶክተር፣ ብረትዎ ዳር ዳሩን ነው የቀመሰው። ይሄ ሆዱ ውስጥ ነው የታመመው። አኩርፎኛል።»

«መለኪያው ግን…»

«ይቀደድ» አሉ ጋሼ ከድር።

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ፤ ጆንያው የሷ ነው። እናቴ ደግሞ ወደ እኔ አየች። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰብኩ ልናዘዝላችሁ፦ ባይቀደድ ይሻለኛል ብዬ ነበር። ደረቅ ከወጣ ጋሼ ከድር በረድፉ ፊት ይዋረዳሉ፣ ዶክተርም መላውን ነገር እንደ ጨዋታ ሊያዩት ነው። አሸንፌ ከበቃሁ በኋላ ለምን እሟገታለሁ? ግን እጃቸውን አየሁት። ያ እጅ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲያስጠኑኝ ትክክሉን ሳያውቁ ፊቴን አይተው ያርሙኝ የነበሩ ሰው እጅ ነው። ተሳስተው አያውቁም ነበር።

«ቅደዱት» አልኩ።

ሸራ ዘረጉ። ጆንያውን አጋደሙና በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ከዳርና ከዳር ወርቅ የመሰለ ደረቅ በቆሎ እየተንኳኳ ፈሰሰ። ዶክተር አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ የሚፈሰው እህል ድምፅ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ መሃሉ ላይ የልጅ ጭንቅላት የሚያህል ነገር ተጣብቆ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ማውጣት ጀምሮ ቁጭ ብሏል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሲሞላ ከሌላ ክምር የተዛቀ እርጥብ መሃል ላይ ገብቶበት ኖሯል።

እህል በረንዳ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም! ጫኞቹ ጋሼ ከድርን ተሸከሟቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው እንደ ጆንያ ትከሻ ላይ ወጥተው «አውርዱኝ! አውርዱኝ በአላህ!» ይላሉ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ዶክተር መላኩ ሸራው ላይ ተንበርክከው፣ ያን የሚያብረቀርቅ ጫማቸውን አቧራ ውስጥ ረስተው፣ የተጣበቀውን በቆሎ በጣታቸው ይፈረፍራሉ።

«ሰናይት» አሉ ቀና ብለው። «ምዕራፍ ሦስትን እንደገና ጻፊው። እስከ ረቡዕ ይደርስልሻል?»

«ይደርሳል!» አልኩ። ባይደርስስ ማን ሊቀመጥ!

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ከወንበሬ አልተነሳሁም። አሮጌውን ዳታ አልደበቅኩትም። በወዳጆቼ እጅ እንዴት እንዳማረ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደተጠረገ፣ ቅዳሜ የለካነው ደግሞ እንዴት እንደተበታተነ ሁለቱን ፊት ለፊት አቆምኳቸው። ረቡዕ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ገና ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «የመጀመሪያው ናሙናሽ የተበላሸ መሆኑን ራስሽ ጽፈሻል። ታዲያ በምን ልናሳልፍሽ ነው?»

«በዚያው በብልሽቱ ነዋ!» አልኳቸው። ትንሽ ጮኼ ነበር መሰለኝ። «አንድ ሰው በመዳፉ መርጦ ዕጣን ድራሹን ማጥፋት ከቻለ፣ መዳፉ መለኪያ ነው ማለት ነው። መለኪያ ከሆነ ደግሞ ሊፈተን ይችላል። ፈተንነው። ዕጣና መዳፍ አንድ ላይ ሲሠሩ በጥቂት ጆንያ ብዙ ማወቅ እንደሚቻልም ይኸው በሰንጠረዥ አለ።» ፈታኟ ለረጅም ጊዜ ገጹን አገላበጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር፣ ነጭ ኮፍያቸውን አሳምረው ወደተቀመጡት ሽማግሌ አዩና «እሳቸው ናቸው?» አሉ። ጋሼ ከድር ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

ከአዳራሹ አስወጡን፣ መክረው ጠሩን። አልፌያለሁ፤ በከፍተኛ ውጤት! እናቴ ኮሪደሩን በእልልታ ስታናጋው የጥበቃ ሠራተኛው እየሮጠ መጣ። እናቴን ሲያያት «እንኳን ደስ ያላችሁ እናቴ» ብሎ ተመለሰ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሒሳብ ባትወዱም አንዲት ነገር ውሰዱልኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ በጣም ያማረ ነገር ሳይ «ማን ጠርጎ ጻፈልኝ?» እላለሁ። ጠላት ብቻ አይደለም የሚደብቅባችሁ፤ የሚወዳችሁም እርጥቡን ጆንያ ወደ ጓዳ ይገፋላችኋል። እናቴን ዛሬ «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ካለችኝ አልለቃትም፣ እንደ ጋሼ ከድር መታ መታ አደርጋታለሁ። ደግሞም እንደ እኔ «ይብቃን» ብላችሁ የምታውቁትን እውነት በትንሽ ድል አትሸጡት። እኔ ልሸጠው ነበር፤ ያዳነኝ የአንድ ሽማግሌ ግትርነት ነው።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ከድር ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ስሜን የት ጋ አደረግሽው? ምስጋና የሚባል ገጽ አለ አሉ» ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

«ምስጋናው ላይ አይደለም» አልኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ። ምዕራፍ ሦስትን ገለጥኩና እንግሊዝኛውን በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «በዚህ ጥናት የተጠቀምንባቸው መለኪያዎች። አንደኛ፣ የአቶ ከድር መዳፍ። ሁለተኛ፣ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ።»

መዳፋቸውን ዘርግተው አገላብጠው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ብረቱን ሁለተኛ አደረግሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ልክ ነሽ» አሉ። «ሃያ ሁለትን ስቷላ።»